እውነት ወይስ ተረት? “ክፉ ያሰበ ክፉ ነው”

አንዲት የሰበታ ነዋሪ ወደ አየር ጤና የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣለች እንበል። ሳይሞላ ትወርዳለች፤ የእንጀራ ምጣዱን ሶኬት መንቀሏ አጠራጥሯታል። ቤቷ ተመልሳ ታየዋለች፣ ተነቅሏል። እንደገና ተሳፍራ ዓለም ገና ከተማ ሳትደርስ ጥርጣሬው እንደገና ይይዛታል። ጎረቤት “ጥንቃቄ ታበዛለች” ይላል።

ተረት፦ ኦሲዲ (ያልተፈለገ ሐሳብና ድርጊት እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት የአእምሮ ሕመም) ጥንቃቄ ወይም ንጽሕና ማብዛት ነው።

ጠንቃቃ ሰው አንዴ አይቶ ይረካል። እሷ ግን በዓይኗ አይታም አልረካችም። እንዲህ ያለው መመላለስ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲበላ ወይም ሥራና ኑሮን ሲያውክ ሐኪሞች ሕመም ይሉታል። ይህኛው ቀላሉ ተረት ነው።

ተረት፦ ክፉ ሐሳብ የሚመጣበት ሰው ውስጡ ክፉ ነው።

ሰው አፍኖ የሚያስቀረው ይህን ነው። እናት ሽንኩርት እየከተፈች “ቢላውን ልጄ ላይ ባነሳውስ?” የሚል ሐሳብ ብልጭ ይልባታል። ቢላውን ትደብቃለች፤ ውላ አድራ ልጇን ማቀፍም ትፈራለች። አስቀዳሹ ቅዳሴ መካከል ስድብ ይመጣበታል፣ ንስሐ አባቱ ጋ ይመላለሳል። ሙስሊሙ ወስዋስ ይለዋል፤ ውዱኡን ደጋግሞ ያደርጋል። ሦስቱም በራሳቸው ላይ ፈርደዋል።

ተመራማሪዎቹ ራክማንና ዴ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ጤነኞችም እንዲህ ያሉ ሐሳቦች እንደሚመጡባቸው አሳዩ፤ በይዘት ከሕሙማኑ ጋር በጣም ይመሳሰላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በ13 አገሮች ከተጠየቁ 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 94 በመቶ ያህሉ ባለፉት ሦስት ወራት ያልፈለጉት ሐሳብ መጥቶብናል አሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ “ምን ዓይነት ቅዠት ነው!” ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው “ይህን ያሰብኩ እኔ ማን ነኝ?” ብሎ ራሱን ችሎት ያቆማል። ሐሳቡም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ሰው በሚሳሳለት ነገር ላይ ነው፦ እናቲቱ በልጇ፣ አስቀዳሹ በአምላኩ። የሚያሸብራቸውም ስለሚወዱ ነው።

እዚህ ላይ ምክራችን ራሱ ያባብሳል። “አታስቢው” ስትባል የበለጠ ታስባለች። “አንቺ ደግ ነሽ” የሚለው ማጽናኛም በቀን ሃያ ጊዜ ሲጠየቅ እንደ ሶኬቱ ይሆናል፤ ለጥቂት ደቂቃ ያረጋጋል፣ ከዚያ እንደገና።

ተረት፦ የመንፈስ ነው፤ ሐኪም አያውቀውም።

ያውቀዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ቪክተር ሜየር ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 የሕክምናውን መንገድ አሳይቷል፦ የሚፈሩትን ቀስ በቀስ መጋፈጥ፣ ማጣራቱንና መታጠቡን ግን መተው። እናቲቱ ልጇ አጠገቧ ሆኖ ሽንኩርቷን ትከትፋለች። እንደ ፍሉኦክሲቲን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ለውጡ እስኪታይ ግን ሁለትና ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አይተው። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ጊዜ ያስተማሩት ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ ነበር።

አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ ሰፈራችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ “እንቅልፍ እምቢ አለኝ” ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። የምታፍሩበትን ሐሳብ ራሱን ተናገሩት።