አጸፋው ማን ላይ ነው?

የክብ እንቅስቃሴ ፈተና የሚያርም የፊዚክስ መምህር አንድ ሥዕል ደጋግሞ ያጋጥመዋል፦ በሚሽከረከር ድንጋይ ላይ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ቀስቶች፣ አንዱ ወደ ማዕከል ሌላው ወደ ውጭ፣ ከሥራቸውም «ድርጊትና አጸፋ»። ይህን የሚስሉት ሰነፎቹ ብቻ አይደሉም። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው ሦስተኛ ሕግ «እኩልና ተቃራኒ» ተብሎ ይሸመደድና ዋናው ነገር ይዘነጋል፤ ሁለቱ ኃይሎች ምንጊዜም የሚያርፉት በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ነው። ይህ ካልተያዘ የክብ እንቅስቃሴ ቀመሩ እንጂ ምክንያቱ አይገባም።

የማሽላ ጠባቂ ማማ ላይ ቆሞ የሚያሽከረክረውን ወንጭፍ እንውሰድ። ድንጋዩ 200 ግራም፣ ከእጁ ያለው ርቀት 1 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 20 ሜትር ቢሆን፣ ወንጭፉ ድንጋዩን ወደ እጅ የሚስበው በ80 ኒውተን ነው፤ 8 ኪሎ ያህል ዕቃ እንደ ማንጠልጠል ማለት ነው። አጸፋው ድንጋዩ ወንጭፉን ወደ ውጭ የሚስብበት 80 ኒውተን ሲሆን፣ ገመዱ ተቀብሎ ለእጅ ያደርሰዋል። ክንድ የሚዝለውም ለዚህ ነው። በድንጋዩ ላይ ግን ወደ ውጭ የሚስብ ምንም የለም። ቢኖርና ሁለቱ ቢጣፉማ ድንጋዩ በቀጥታ ይሄድ ነበር እንጂ ባልዞረ። ወንጭፉ ሲለቀቅም ድንጋዩ ከእጅ በቀጥታ ወደ ውጭ አይሸሽም፤ በዚያች ቅጽበት ይሄድበት በነበረው አቅጣጫ፣ ክቡን ታክኮ ይወነጨፋል።

«ታዲያ አውቶብስ ሲታጠፍ ወደ ውጭ የሚገፋኝ ምንድን ነው?» ለሚል፣ ስሜቱ እውነት ነው፤ ትርጓሜው ግን ይስተካከል። ሰውነት ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል አውቶብሱ ይታጠፋል፣ ግድግዳው መጥቶ ተሳፋሪውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ወደ ውጭ ተገፊው ግድግዳው ነው፣ ገፊውም ተሳፋሪው። ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ከፊዚክስ ሊቁ ከሃይገንስ ዘመን ጀምሮ ሴንትሪፊዩጋል (ከማዕከል ወደ ውጭ የሚገፋ) በሚባለው ኃይል ይሰላል፣ መልሱም ትክክል ይወጣል። እውነት ነው፤ ከሚዞረው አካል ጋር አብሮ እየዞረ ለሚያሰላ ሰው ጠቃሚ ዘዴ ነው። ነገር ግን ያንን ኃይል የሚያሳድር ሌላ አካል ፈልገን አናገኝም፤ ስለዚህ አጸፋ የለውም፣ የማንም አጸፋ ሊሆንም አይችልም። ተማሪ ቀስት ከመሳሉ በፊት «ማን ማንን?» ብሎ እንዲጽፍ አጥብቄ የምጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄው ሰማይ ላይም ይሠራል። ምድር ጨረቃን ስትስብ አጸፋው ያረፈው ምድር ላይ ነው፤ ምድር በክብደት 81 ጊዜ ያህል ብትበልጥም ከመነቃነቅ አላመለጠችም። ሁለቱም የሚዞሩት ከምድር እምብርት 4,700 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቅ፣ ገና ከምድር ሆድ ሳይወጣ በሚገኝ ነጥብ ዙሪያ ነው። ኮከብም ከፕላኔቷ አጸፋ አታመልጥም፦ በ1995 እ.ኤ.አ. የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ 51 ፔጋሲ የተባለችው ኮከብ በ4 ቀን ከጥቂት ሰዓታት ዑደት፣ በሴኮንድ 60 ሜትር በማይሞላ ፍጥነት ወደ እኛ ስትቀርብና ስትርቅ ለኩ። የምትዞራትን ፕላኔት አላዩም፤ መኖሯን ያወቁት ኮከቧ ላይ ካረፈው አጸፋ ነው።