መቄት ወይስ አቡነ ዮሴፍ? ላስታን በእግር ለሚጎበኝ መንገደኛ የቀረበ ምርጫ



የዛሬው ጥያቄዬ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ፣ ገንዘቡን ቆጥቦ ላሊበላ የደረሰ ወጣት መንገደኛ ዐሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከጎበኘ በኋላ ጥቂት ቀናት ቢተርፉት ወዴት ይሂድ? ባሕር ባላቸው አገሮች በማዕበል ላይ ለመንሸራተት የሚጓዙ እኩዮቹ ከሁለት ዳርቻዎች አንዱን ሲመርጡ የማዕበሉን ቁመት፣ ወቅቱን፣ የማደሪያውን ዋጋና የራሳቸውን ችሎታ ይመዝናሉ። በላስታ ባሕር የለም፤ ሚዛኑ ግን ያው ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ መቄት ነው። ከላሊበላ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጋሸና ሲደረስ፣ ከወልድያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ይገኛል። ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚዘረጋው አምባ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሜዳ ነው። መንገደኛው በገደሉ አፋፍ፣ በገብስና በስንዴ ማሳ መካከል ይጓዛል፤ ዳገት አይበዛበትም። እንደ መቋት ማርያም ባሉ ስፍራዎች የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የሣር ክዳን ማረፊያ ጎጆዎች ተሠርተዋል። እንግዳው የአገሬውን እንጀራና ወጥ ይበላል፤ ጓዙን አህያ ይሸከምለታል።

ሁለተኛው አቡነ ዮሴፍ ነው። ይህ ተራራ ከላሊበላ አጠገብ ተነሥቶ 4,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከእርሻው ወሰን በላይ አስታ፣ ጓሳና ጅብራ ይታያሉ። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይሰማራል፤ ዕድለኛ መንገደኛም ቀይ ቀበሮን ከሩቅ ሊያይ ይችላል።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንግባ። ቀዳሚው ሰውነት ነው። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከዚያ ወደ መቄት መውጣት ብዙ ለውጥ አያመጣም። በአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ግን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሳንባ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሙቀትም በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጫፉ ከከተማዋ 11 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳንጨምር ይመክራሉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው መውጣቱን ማቆም፣ ካልተሻለውም መውረድ አለበት። ጉብዝና እዚህ መድኃኒት አይሆንም።

ቀጥሎ ወቅት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ጭቃውና ጉሙ ሁለቱንም መንገዶች ያከብዳቸዋል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ምድሩ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ለልደት በዓል እጅግ ብዙ ምእመን ወደ ላሊበላ ስለሚተምም አልጋ ይወደዳል፤ ቆጣቢ መንገደኛ ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው፣ ገንዘቡ የት እንደሚያርፍ ነው። በመቄት ክፍያው ለምግብ አብሳይዋ፣ ለአህያው ባለቤት፣ ለመንገድ መሪውና ለማኅበሩ የጋራ ካዝና ይከፋፈላል። የእርሻ መሬቱ ለጠበበው ገበሬ ይህ ዝናብ የማይጠብቅ ገቢ ነው። የአቡነ ዮሴፍ ጥቅም ደግሞ ሌላ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ናቸው። መኖሪያቸውን እየገፋ የሚወጣው ማረሻ፣ ከውሾች የሚተላለፈውም የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋቸዋል። የተራራው ነዋሪ ከእንግዳ ገቢ ካገኘ ግን ጓሳውን ላለማረስ ምክንያት ይኖረዋል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ያለው፣ ከቆላ አገር በቅርቡ የመጣ ወይም ከሰዎች ጋር መጨዋወትን የሚወድ መቄትን ይምረጥ። አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ያለው፣ ወፍራም ልብስና ጠንካራ ጉልበት የያዘ አቡነ ዮሴፍን ይውጣ። ለሁለቱም ጊዜ ያለው ከመቄት ይጀምር፤ በአምባው ላይ ያደረባቸው ሌሊቶች ሰውነቱን ለተራራው ያለማምዱለታል።

ይህ ሁሉ ግን ከአንድ ጥያቄ በኋላ የሚመጣ ነው፤ መንገዱ ሰላም ነውን? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት ላሊበላንም ጋሸናንም ደርሶባቸዋል። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም የእንግዳን እግር አሳጥሮታል። ስለዚህ መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት በዚያው ሰሞን ያለውን ሁኔታ ከአካባቢው ሰዎች ይጠይቅ፤ አይሆንም ካሉትም ይቅር። በቅሎ ነጂው፣ መንገድ መሪውና እንጀራ ጋጋሪዋ ግን የዕለት ጉርሳቸው በእንግዳ የታሰረ ነውና፣ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ እነርሱን አስቦ መምጣት ከየትኛውም ምርጫ ይበልጣል።