ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ለምን ይንከባለላል? የትራንስፈር ኬዝ ነገር

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ተዳፋት ላይ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ውስጥ ነን እንበል። ቅዳሜ ጠዋት ነው። አጎታችሁ የቆየ ላንድክሩዘሩን ግቢ አስገብቶ ያረጀውን ትራንስፈር ኬዝ ራሱ ሊቀይር ተነሥቷል። የእጅ ፍሬኑ እንደላላ ያውቃል፤ ቢሆንም «አንደኛ ማርሽ አስገብቼዋለሁ፣ የት ይሄዳል?» ይላል። ከዚያ መኪናው ሥር ገብቶ ረጅሙን የኋላ ዘንግ የያዙትን ብሎኖች መፍታት ይጀምራል።

አስቁሙት! ዘንጉ የወጣ ጊዜ መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለም ሊንከባለል ይችላል። ለምን? መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ይህ ዕቃ ምን እንደሚሠራ እንይ።

ጉልበት ከሞተር እስከ ጎማ

ሞተሩ የሚፈጥረው የመዞር ጉልበት በፍሪሲዮን በኩል ወደ ካምቢዮ ይገባል። (ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ክሪክ... የጋራዡ ቋንቋ ግማሹ ጣልያንኛ መሆኑን ልብ ብላችኋል?) በተራ መኪና ጉልበቱ ከካምቢዮ በቀጥታ ወደ ሁለት ጎማዎች ይሄዳል። በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና ግን ከካምቢዮው ኋላ አንድ ተጨማሪ የብረት ሳጥን አለ። ትራንስፈር ኬዝ እሱ ነው። ከእሱ አንዱ ዘንግ ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ፊት ይወጣል። እያንዳንዱ ዘንግ ዲፈረንሻል ያዞራል፤ ዲፈረንሻሉ ደግሞ ጎማዎቹን።

ሳጥኑ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ማካፈል ነው። ሁለተኛው፣ ዝቅተኛው ማርሽ ሲገባ፣ ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን ማብዛት ነው። በብዙ ላንድክሩዘሮች ትንሹ የማርሽ ዘንግ ላይ ኤች-2፣ ኤች-4፣ ኤን፣ ኤል-4 የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ኤች-2 በኋላ ጎማ ብቻ፣ ኤች-4 በአራቱም፣ ኤል-4 በአራቱም ሆኖ በዝግታና በከፍተኛ ጉልበት ማለት ነው። ኤን ደግሞ ከምንም ያልተያያዘ፣ ባዶ ነው።

እስቲ እናስላው

ለስሌቱ እንዲቀለን ክብ ቁጥሮች እንውሰድ። ሞተሩ 250 ኒውተን ሜትር ቶርክ ይሰጣል። አንደኛ ማርሽ በ4 ያባዛዋል፣ ዲፈረንሻሉም በ4። ጎማው ላይ 250 × 4 × 4 = 4,000 ኒውተን ሜትር ደረሰ። የጎማው ሬዲየስ 0.4 ሜትር ቢሆን፣ መኪናውን ወደፊት የሚገፋው ኃይል 4,000 ÷ 0.4 = 10,000 ኒውተን ይሆናል።

አሁን ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ የሚመዝነው መኪና 30 ዲግሪ ዳገት ገጠመው። ወደ ታች የሚስበው ኃይል 2,500 × 9.8 × 0.5 = 12,250 ኒውተን ነው። 10,000 ለ12,250 አይበቃም፤ መኪናው አይወጣም። ትራንስፈሩን ኤል-4 ላይ ስናደርገው ግን ኃይሉ እንደገና ወደ 2.5 ገደማ ይባዛል፤ 25,000 ኒውተን! ዳገቱ ተሸነፈ። ታዲያ በነጻ አይደለም፤ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ለእኛ አገር ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ስለሚያንስ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል።

ለምን ያረጃል?

ብዙ ሰው «ዕቃው አረጀ» ብሎ ያልፈዋል። ግን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ዕድሜው ሳይሆን አነዳዱ ነው።

መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ይሠራሉ። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 3 ሜትር ርቀት ይኑር። የኋላው በ6 ሜትር ሬዲየስ ቢታጠፍ፣ የፊቱ ሬዲየስ በፓይታጎረስ ቀመር የ36 እና የ9 ድምር ስኩዌር ሩት ነው፤ 6.7 ሜትር ገደማ። መኪናው ሩብ ክብ ሲዞር የኋላው 9.4 ሜትር፣ የፊቱ 10.5 ሜትር ይጓዛል። ልዩነቱ 1.1 ሜትር ነው። የጎማው ዙሪያ 2.5 ሜትር ስለሆነ ይህ ግማሽ ዙር እንኳ አይሞላም። ዘንጉ ግን ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 4 ጊዜ ስለሚዞር፣ የፊቱ ዘንግ ከኋላው ወደ 1.8 ዙር የሚጠጋ ትርፍ መዞር ይፈልጋል።

ኤች-4 ላይ ግን ትራንስፈሩ ሁለቱን ዘንጎች አንድ ላይ ቆልፏቸዋል፤ እኩል መዞር ግድ ነው። ጭቃ ወይም አሸዋ ላይ ችግር የለም፤ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ይለቀዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማው አይንሸራተትም። ስለዚህ ትግሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጥርሶቹ፣ ኩሽኔታዎቹና በአንዳንድ መኪኖች ያለው ካቴና ይጨናነቃሉ። በየኩርባው፣ በየቀኑ። ላዳ ኒቫና ላንድሮቨር ዲፌንደር ከዚህ የሚድኑት በሳጥናቸው ውስጥ ልዩነቱን የሚያስተናግድ ተጨማሪ ዲፈረንሻል ስላላቸው ነው።

ሌላው ጠላት ውኃ ነው። ረጅም መንገድ ሲሄድ የጋለ ሳጥን ወንዝ ውስጥ በድንገት ሲገባ፣ በውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ይኮማተራል። የሳጥኑ መተንፈሻ ውኃው ውስጥ ከሰጠመ ውኃ ይስባል። ዘይቱ ሲቀዳ ወተት የመሰለ ከሆነ ይህ ደርሷል ማለት ነው።

በሽታውን ማወቅ

ሳጥኑን ከማውረድ በፊት ምርመራ ይቅደም። ከኤል-4 እየዘለለ የሚወጣ ማርሽ፣ ከፍጥነት ጋር የሚጨምር የፉጨት ድምፅ፣ ጉልበት ሲሰጠው «ጓ!» የሚል ምት፣ ዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ... እነዚህ ከባድ ምልክቶች ናቸው። ድምፁ የሚመጣው አራቱም ጎማ ሲገባ ብቻ ከሆነ ችግሩ ያለው ወደ ፊት በሚሄደው ክፍል ላይ ሊሆን ይችላል። ከሳጥኑ ሥር ዘይት መንጠባጠብ ብቻውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የኦይል ሲል ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ሙሉ ትራንስፈር መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ወደ አጎታችን እንመለስ

ማርሽ የቆመ መኪናን እንዴት ነው የሚይዘው? ጎማው ሊዞር ሲል ዘንጉን ያዞራል፣ ዘንጉ ትራንስፈሩን፣ ትራንስፈሩ ካምቢዮውን፣ ካምቢዮው ሞተሩን። ሞተሩ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር መታመቅን ስለሚቃወም «አልዞርም» ይላል። መኪናውን የያዘው እንግዲህ ይህ የተያያዘ ሰንሰለት ነው። አንዱ ቦታ ከተቆረጠ ሁሉም ያበቃል። አጎታችን የኋላውን ዘንግ ሲፈታ የቆረጠው እሱን ነው። ትራንስፈሩ ኤን ላይ ቢሆንም ያው ነው፤ ትልቁ ማርሽ የትም ይሁን መኪናው ነጻ ነው።

የሚብስ አለ። እንደ ላንድሮቨር ዲፌንደር ባሉ መኪኖች የእጅ ፍሬኑ የተሠራው ጎማው ላይ ሳይሆን ከትራንስፈሩ በሚወጣው ዘንግ ላይ ነው። ዘንጉ ሲወጣ ደህና የነበረ የእጅ ፍሬን እንኳ ሥራ ያቆማል።

5 ዲግሪ ብቻ ባዘነበለ ግቢ 2,000 ኪሎ መኪና ወደ 1,700 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል ወደ ታች ይሳባል። 170 ኪሎ የሚመዝን ነገር በሙሉ ክብደቱ እንደሚጎትተው ማለት ነው። በእጅ የሚቆም አይደለም።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ከዚህ ይጀምራል። ሜዳና ጠንካራ መሬት ይመረጣል። አራቱም ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግበታል። መኪናው ከፍ ካለ በብረት መደገፊያ ላይ ያርፋል፤ ክሪክ የተሠራው ለማንሳት እንጂ ሰው ሥሩ እየሠራ ለመያዝ አይደለም። ባትሪው ይፈታል፣ ዘይቱ ይቀዳል። ዘንጎቹ ሲወጡ በነበሩበት አቅጣጫ እንዲመለሱ በቀለም ምልክት ይደረግባቸዋል። ካምቢዮው ከሥሩ ይደገፋል፤ የተሸከመው ብረት ሲወጣ ሞተሩን ይዞ ወደ ታች ያዘነብላልና። ሳጥኑ እንደ መኪናው ዓይነት ከ30 እስከ 50 ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል በደረት ተቀብሎ ማውረድ አይታሰብም፤ ከሥር በክሪክ ተይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ካያችሁ ቢያንስ አጠገቡ ሁኑ።

ምትኩ ሲመረጥ

ያገለገለ ዕቃ ፍለጋ ብዙ ሰው ከኮልፌ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። እዚያ ሳጥኖቹ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ከካምቢዮው የሚገባው ዘንግ የጥርስ ብዛት እኩል መሆኑን ቆጥሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሳጥኑን በእጅ አዙሮ ማዳመጥ፣ ዘንጉን ይዞ ወዲያ ወዲህ እያነቃነቁ የኩሽኔታውን ልቅነት ማየት፣ በየማርሹ ማስገባት። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ትክክለኛው ዘይት እስከ ልኩ ይሞላል። ባዶውን የተነዳ አዲስ ትራንስፈር ቶሎ ይቃጠላል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከልክላለች። ከፊትና ከኋላ የየራሳቸው ሞተር ያላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ትራንስፈር ኬዝ ጭራሽ አያስፈልጋቸውም፤ ማካፈሉን ኮምፒውተር ይሠራዋል። እስከዚያው ግን የቆዩት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ዳገት ይወጣሉ። አጎታችሁም አዲሱን ትራንስፈር ገጥሞ አስፋልት ላይ በኤች-4 መንዳቱን ከቀጠለ፣ ያው ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል።

እስቲ እናንተ ሞክሩት፦ ከላይ ባለው ስሌት የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 3 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 2 ሜትር ቢሆን፣ የፊቱ ዘንግ ስንት ትርፍ ዙር ይፈልጋል? አጭር መኪና ይሻላል ወይስ ረጅም?