ማን ይቅደም? የባንድ መሣሪያዎች የስቱዲዮ ቀረጻ ቅደም ተከተል

አንድ ባንድ ለቀረጻ ወደ ስቱዲዮ ሲገባ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ከመሣሪያዎቹ የትኛው ቀድሞ ይቀረጽ? መልሱ ግን የአቀናባሪው ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የድምፅ ሳይንስና የመቅረጫው ባሕርይም ይወስኑታል። ስሕተቱም ዋጋ ያስከፍላል፤ መሠረቱ ከተዛባ በላዩ የተደረበው ሁሉ እንደገና ሊሠራ ይችላልና።

ድምፅን በድምፅ ላይ የመደረብን ጥበብ ካስፋፉት መካከል አሜሪካዊው የጊታር ተጫዋች ሌስ ፖል ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው «ላቨር» በተሰኘው ሥራው ስምንት የጊታር ክፍሎችን ብቻውን ተጫውቷል። አሠራሩ አድካሚ ነበር። የተቀረጸውን ዲስክ እያሰማ፣ አብሮት እየተጫወተ፣ ሁለቱን ድምፆች በአንድነት ወደ ሌላ ዲስክ ያስገባ ነበር። ድምፅ በተገለበጠ ቁጥር ሽሽታው ይጨምራል፤ ጥራቱም ይደበዝዛል። ቀድሞ የተቀረጸው ክፍል ብዙ ጊዜ ስለሚገለበጥ ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ እምብዛም ጎልተው የማይሰሙት ክፍሎች ይቀድማሉ፤ ዋናው ዜማ ግን የሚቀረጸው በመጨረሻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 አምፔክስ የተባለው ኩባንያ ባለ ስምንት ትራክ የቴፕ መቅረጫ ለሌስ ፖል ባስረከበ ጊዜ ይህ ገደብ ላላ። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ትራክ ይዞ መቀመጥ ቻለ። የቅደም ተከተሉም ዋና መመዘኛ የቅጂ ጥራት መሆኑ ቀርቶ የምት ትክክለኛነት ሆነ።

ዛሬ በአብዛኛው ድራምና ቤዝ ጊታር የሚቀድሙት በዚህ ምክንያት ነው። የድራም ድምፅ በቅጽበት ስለሚነሣ፣ ሌሎች ተጫዋቾች የምቱን መጀመሪያ በግልጽ ለይተው ይከተሉታል። በአንጻሩ በደጋን የሚጫወተው ማሲንቆ ድምፁ ቀስ ብሎ ሊነሣ ይችላል፤ ለመሪነት አያመችም። ከዚህም ሌላ ድራም ኃይለኛ በመሆኑ በአንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ከተቀረጸ ወደ ክራሩ ማይክሮፎን ይገባል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝም፣ ከሦስት ሜተር በላይ ርቆ ወደተተከለ ማይክሮፎን የሚደርሰው አንድ መቶኛ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። የሁለቱ ማይክሮፎኖች ድምፅ ሲደባለቅ ምቱ ጥራቱን ያጣል።

ሆኖም ድራም ተጫዋቹ በባዶ አይጫወትም። ድምፃዊው ከኪቦርድ ወይም ከክራር ጋር ዘፈኑን ለመምሪያ ያህል አስቀድሞ ይቀርጻል፤ ይህ ቀረጻ በኋላ ይጣላል። ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። የዘፈኑ ከፍታ ለድምፃዊው የሚስማማ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

በባህላዊ መሣሪያዎች ዘንድ ሌላም ቁም ነገር አለ። የክራርና የማሲንቆ ክር ይጠብቃል፣ ይላላል። የዋሽንት ቀዳዳዎች ግን አንድ ጊዜ ከተበሱ በኋላ አይንቀሳቀሱም፤ በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅም ድምፁ ከፍ ይላል። ስለዚህ ዋሽንቱ በመጨረሻ ቢቀረጽ እንኳ ከፍታው በመጀመሪያ ሊለካ፣ ሌሎቹም በእርሱ ሊቃኙ ይገባል። በምት ድራም ይቀድማል፤ በቅኝት ግን ዋሽንት።

ይህ ሥርዓት ለሁሉም ዘፈን አይሠራም። ድምፃዊው እንደ ስሜቱ የሚያዘገየውና የሚያፈጥነው የትዝታ ዜማ በሜትሮኖም ከታሠረ ለዛውን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ላለው ሥራ ድምፃዊውና ክራሩ በአንድነት ቀድመው፣ ምቱ ቢከተላቸው ይመረጣል።

ድምፃዊው በዋሽንግተን፣ ክራር ተጫዋቹ በአዲስ አበባ ሆነው ድምፅ በኢንተርኔት ሲለዋወጡ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ፊት ለፊት ተያይቶ ማረም አይቻልምና፣ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የምቱ ፍጥነት፣ የቅኝቱ ከፍታና የመምሪያው ቀረጻ ለሁሉም መድረስ አለባቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በመጀመሪያው ሰዓት የተደረሰ ስምምነት የብዙ ቀን ድካም ያስቀራል።