ካቴና የበጠሰ የናፍጣ ፒካፕ፦ ቴስታታው ሳይወርድ ዋጋ አትቁረጡ



ዛሬ ስለ ሰሊጥ ወይም ስለ ቡና ዋጋ አናወራም። የምናወራው ናሙናና ሰው ይዞ ስለሚመላለሰው መኪና ነው። ምርት በሚሰበሰብበት ሰሞን የዩኒየኑ ወይም የነጋዴው ፒካፕ መንገድ ላይ ፀጥ ካለ፣ ኪሳራው የጋራዥ ሂሳብ ብቻ አይደለም። ናሙና ይዘገያል፣ ክፍያ በሰዓቱ አይደርስም፣ ሻጩም ቀድሞ ለደረሰው ይሰጣል።

«ሸጬው ሌላ እገዛለሁ» ማለትም እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት ከሐምሌ 22 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ከዶላሩ ጋር ወጥቷል። ስለዚህ አሮጌውን ናፍጣ በአግባቡ ማሠራት ብዙ ጊዜ የሚያዋጣ ሥራ ነው። ቁም ነገሩ «በአግባቡ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

👉 ታይሚንግ ካቴና ምን ይሠራል?

ፒስተኖቹ ከታች ክራንክሻፍቱን ያዞራሉ። ከላይ ካምሻፍቱ ቫልቮቹን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሁለቱን አስሮ በልክ የሚያስኬዳቸው ካቴናው ነው፤ ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ይዞራል። የናፍጣ ሞተር አየሩን በጣም ስለሚያምቅ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከቫልቩ ጋር ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ካቴናው ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ፣ ክፍት የቀረውን ቫልቭ ፒስተኑ ይመታዋል።

ሁሉም መኪና ግን ካቴና የለውም። አሮጌዎቹ የሃይለክስ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች የሚሠሩት በቺንጋ ነው፤ ቺንጋ ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ሲደርስ ይቀየራል። ካቴና «ዕድሜ ልክ ነው» ስለሚባል ማንም አያየውም። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የኒሳን ፒካፖች ላይ ያለው ዋይዲ 25 የተባለው ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ነው። ሁለት ካቴና አለው፦ የታችኛው ከክራንክሻፍት ወደ ናፍጣ ፖምፓው፣ የላይኛው ደግሞ ከፖምፓው ወደ ሁለቱ ካምሻፍቶች። በቀደሙት ሞዴሎች ላይኛው ባለ አንድ ረድፍ ስለሆነ ይለጠጣል፣ መኪናውን የሚያስቆመውም እሱ ነው። በኋላ በባለ ሁለት ረድፍ ተተክቷል።

👉 ለምን ይበጠሳል?

ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር የሚገፋው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ካነሰ፣ ከቆሸሸ ወይም የመቀየሪያው ጊዜ ካለፈ ቴንሽነሩ ይለግማል። ካቴናው ይላላል፣ መምሪያ ፕላስቲኩን እየመታ ይበላዋል። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከሞተሩ ፊት ለፊት «ቻካ ቻካ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ማስጠንቀቂያው ያ ነው። ያን ጊዜ መቀየር የካቴና ዋጋ ያስከፍላል፤ ከተበጠሰ በኋላ ግን የሞተር ዋጋ።

👉 መንገድ ላይ ሲቆም

ሞተሩ ድንገት ፀጥ ብሎ፣ ከዚያ ሞተሪኖው ከወትሮው ቀለል ብሎ በፍጥነት የሚያዞር ከሆነ ካቴናውን ጠርጥሩ። ቫልቭ ስላልዘጋ አየር አልታመቀም ማለት ነው።

ሁለት ነገር በፍጹም አታድርጉ። ደጋግማችሁ ሞተሪኖ አትምቱ፤ ሰው ሰብስባችሁም ገፍታችሁ ለማስነሳት አትሞክሩ። እያንዳንዱ ዙር ያልተጎዳውን ቫልቭ ጭምር ያጥፋል። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ አስጎትቱ።

👉 ጋራዥ ሲደርስ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚከስረው። መካኒኩ ከላይ አይቶ «ካቴናና ጥቂት ቫልቭ ነው፣ ይህን ያህል ይበቃል» ይላል፤ ባለቤቱም ይስማማል። የእኛ ሰው ሰሊጥ ሲገዛ ናሙና ሳያይ ዋጋ አይቆርጥም፤ ቡናም ሳይቀመስ ደረጃ አይወጣለትም። ሞተርም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ለማውረድና ለመመርመር ብቻ ተስማሙ። ቴስታታው ከወረደ በኋላ እነዚህን ነገሮች በዓይናችሁ እዩ፦

1. ቫልቮቹ፦ ቴስታታው ተገልብጦ በቫልቩ መግቢያ ቤንዚን ሲፈስበት የሚያንጠባጥብ ካለ ያ ቫልቭ ታጥፏል ወይም መቀመጫው ተበልቷል። መምሪያቸውም ይታይ።

2. ካምሻፍቱና መያዣዎቹ፦ ስንጥቅ ወይም ስብራት ሊኖር ይችላል።

3. ፒስተኖቹ፦ ቀለል ያለ የቫልቭ አሻራ ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ ስንጥቅ ግን አይታለፍም።

4. ቢየላዎቹ፦ እያንዳንዱ ፒስተን ጫፍ ላይ ሲደርስ ከብሎኩ በላይ ምን ያህል እንደሚወጣ በመለኪያ ይለካ። አንዱ ከሌሎቹ ዝቅ ካለ ቢየላው ታጥፏል፤ ሂሳቡም ሌላ ሆነ ማለት ነው።

5. ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ሳህን፦ የተሰበረ ፕላስቲክና ብረት እዚያ ወርዶ ዘይት የሚመጠጥበትን ወንፊት ይደፍናል። ይህ ሳይከፈትና ሳይታጠብ አዲስ ካቴና ከገባ፣ አዲሱም በዘይት እጥረት ያልቃል። የድጋሚ ብልሽት ዋናው በር ይሄ ነው።

አሁን ዋጋ ይቆረጥ።

👉 ሲገጠም

ካቴናውን ብቻ አትግዙ። ካቴና፣ ቴንሽነር፣ መምሪያዎችና ጥርሶቹ አብረው ይቀየራሉ። ያረጀ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል። ዋይዲ 25 ከሆነ ባለ ሁለት ረድፉን ከነጥርሶቹ ሙሉ ስብስቡን ፈልጉ።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን «ያው ነው» ተብሎ አይገዛም። ለአንድ ሞተር የተለያየ ውፍረት ያለው ይሠራል፤ ጠርዙ ላይ ባለው ምልክት ይለያል። የሚመረጠው ቅድም በለካነው የፒስተን ከፍታ ነው። ቀጭኑ ከተገጠመ ፒስተንና ቫልቭ እንደገና ይገናኛሉ፤ ወፍራሙ ከተገጠመ ጠዋት አልነሳም ይላል፣ ያጨሳል። ቶርኖ ቤትም ቴስታታውን ዝም ብሎ እንዳይልጠው ንገሩ፤ የናፍጣ ቴስታታ የሚላጥበት ገደብ ጠባብ ነው።

ከተገጠመ በኋላ ሞተሪኖ ከመነካቱ በፊት ክራንክሻፍቱ በቁልፍ፣ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። ከጠነከረ ይቁም፣ ምልክቱ እንደገና ይታይ። ቀጥሎ ናፍጣው ተዘግቶ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ ይዙር፤ ቴንሽነሩ ዘይት ሲሞላ ብቻ ይነሳ። የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትሮ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በፊት ይቀየር።

👉 ይጠገን ወይስ ያገለገለ ሞተር ይገዛ?

የጋራዥ ሂሳብ ብቻውን አይወዳደርም። የቆመበትን ቀን ጨምሩበት። ለስሌት ያህል፣ ምትክ ፒካፕ በቀን 5,000 ብር ብትከራዩና ጥገናው 15 ቀን ቢወስድ፣ 75,000 ብር የጥገናው አካል ነው። በራሳችሁ ቁጥር ተኩት።

ጉዳቱ ቴስታታ ላይ ካበቃ ጥገናው ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ቢየላ ወይም ብሎክ ከተነካ ያገለገለ ሞተር ማሰብ ይቻላል። ነገር ግን ያ ሞተርም የራሱ አሮጌ ካቴና አለው፤ መሬት ላይ እያለ ይቀየር፣ ከተገጠመ በኋላ ሥራው ይበዛል። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ስላለ በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳየውን ዲክላራሲዮን ሳትይዙ ገንዘብ አትክፈሉ።

ለዩኒየኖች አንድ ምክር፦ የመስክ መኪኖቻችሁን ከመስከረም በፊት ጠዋት ቀዝቅዘው ሲነሱ አስደምጡ። በነሐሴ የሚቀየር ካቴና ወጪ ነው፤ በኅዳር የሚበጠስ ካቴና ግን የገበያ ኪሳራ ነው።

ለሹፌሮቻችሁና ለግዥ ክፍላችሁ አጋሩት። መልካም ገበያ!