የቧንቧ ጩኸት ምን ይነግረናል?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ቤተ ሰቡ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፥ ጠፍቶ የሰነበተው ውኃ ድንገት ይመጣል። ቧንቧውም በመጀመሪያ ያንኮራፋል፤ ቀጥሎ ያፏጫል፤ በመጨረሻም በመዶሻ እንደሚመታ ብረት ግድግዳውን ያንኳኳል። በአዲስ አበባ በፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ይህን ድምፅ አሳምሮ ያውቀዋል። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ሰፈር ሌሊቱ የእንቅልፍ ብቻ ሳይሆን የባልዲና የጀሪካን ጊዜም ነውና።

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው በሚኖርበት ፎቅ ውስጥ በዚሁ ድምፅ ምክንያት በጎረቤታሞች መካከል ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። ከበታቻችን የሚኖሩ አንዲት እናት፥ «እነዚያ ከላይ ያሉት ሰዎች ሌሊት ሌሊት ምን ይወቅጣሉ?» እያሉ ያማርሩ ነበር። እኛም በበኩላችን የሚወቅጡት እርሳቸው ይመስሉን ነበር። አንድ ሌሊት ግን አብረን ጆሯችንን ከግድግዳው ላይ አድርገን ብናዳምጥ፥ የሚወቅጥ ሰው አለመኖሩን ተረዳን። የሚያንኳኳው ማሰሪያው የላላ የውኃ ቧንቧ ነበር። እናታችንም፥ «ለካስ በከንቱ ነው የተቀያየምነው፥ ልጄ!» አሉኝ።

ይህ ነገር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ባወጣው መመሪያ፥ በመኝታ ክፍል ውስጥ ሳያቋርጥ የሚሰማ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል፥ ድንገተኛ ድምፅም ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ሌሊቱን ሲባንን ያደረ ተማሪ በማግስቱ ትምህርቱን በሚገባ ሊከታተል አይችልም፤ መምህሩም ትዕግሥቱ ያጥራል። ነገር ግን ከእንቅልፍ ማጣት የሚብስ ሌላ ጉዳት አለ። እርሱንም የምንረዳው የቧንቧውን ድምፅ ለይተን ስናውቅ ነው።

አንደኛው የምት ድምፅ ነው። በ10 ሜትር ቀጭን የቤት ቧንቧ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ 2 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ውኃ በመሮጥ ላይ ሳለ መዝጊያው በድንገት ቢዘጋበት፥ ፍሬን እንደ ተያዘበት አውቶቡስ ተሳፋሪ ወደ ፊት ይገፋል፤ መውጫም ስለሌለው ቧንቧውን ይመታል። ኒኮላይ ዡኮቭስኪ የተባለው የሩስያ ሊቅ ባሳተመው ጥናት የዚህን ምት ኃይል በስሌት አስረድቷል። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሮጥ ውኃ በአንድ ጊዜ ቢቆም፥ ከአየር ግፊት 10 እጥፍ የሚበልጥ ተጨማሪ ግፊት ይፈጠራል። እንዲህ ያለው ምት በየቀኑ ሲደጋገም መጋጠሚያዎቹ ይላላሉ፤ ውኃም ማንጠብጠብ ይጀምራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቧንቧን፥ ይልቁንም በአንድ እጥፋት የሚዘጋውን ዓይነት፥ ቀስ አድርጎ መዝጋት ይገባል። የላላውን ማሰሪያ ማጥበቅ፥ በቧንቧውና በግድግዳው መካከልም ቁራጭ ላስቲክ ማስገባት ይጠቅማል። የውኃው ኃይል እጅግ ከበረታ፥ የቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ ግፊት መቀነሻ ማስገጠም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፉጨት ነው። ፉጨት የሚሰማው ውኃ በጠበበ ቀዳዳ ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በመዝጊያው ውስጥ ያለው፥ ጎሚኒ የሚባለው የላስቲክ ቀለበት ማለቁ ወይም መላላቱ ነው። ዋናውን መዝጊያ ዘግቶ ጎሚኒውን መለወጥ ይበቃል። በግማሽ የተከፈተ መዝጊያም ስለሚያፏጭ፥ እርሱን አስቀድሞ መመልከት ይገባል።

ሦስተኛውና ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅበት የሚገባን የማንኮራፋት ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ ቧንቧው ባዶ ሆኖ እንደ ነበረና አየር እንደ ገባበት ይመሰክራል። ውኃ ከቧንቧ ሲሸሽ በስተኋላው የመሳብ ኃይል ይፈጠራል። በዚያን ጊዜ ጫፉ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ የተዘፈቀ ጎማ ቢኖር፥ እድፋሙ ውኃ ወደ ንጹሑ ቧንቧ ሊሳብ ይችላል። ከመሬት በታች ያለ ቧንቧም የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፥ በአጠገቡ ያለው የፍሳሽ እርጥበት በስንጥቁ ይገባል። እንግዲህ በምት የላላው መጋጠሚያ ውኃ ሲኖር ወደ ውጭ ያንጠባጥባል፤ ውኃ ሲጠፋ ግን ለቆሻሻ በር ይሆናል። ተቅማጥ፥ ታይፎይድና ኮሌራ በዚህ መንገድ ሊገቡ ይችላሉ።

ስለዚህ ውኃ ጠፍቶ ሲመጣ የሚከተለውን ማድረግ ይገባል። ቧንቧውን በጥቂቱ ከፍቶ አየሩ ቀስ ብሎ እንዲወጣ መተው፤ በመጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ ውኃ በባልዲ ተቀብሎ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ብቻ ማዋል፤ ጥሩ ውኃ እስኪወርድም መጠበቅ ነው። የጎማን ጫፍ በማናቸውም ጊዜ በውኃ ውስጥ ዘፍቆ መተው አይገባም። ውኃው ለዓይን ጥሩ መስሎ ቢታይም ተሕዋስያን በዓይን አይታዩምና፥ የሚጠጣውን ማፍላት ይሻላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ እንደ አዲስ አበባ ባለ ስፍራ፥ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፥ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ በእሳት ላይ ማቆየት ያስፈልጋል። ከዚያም በታጠበና ክዳን ባለው ዕቃ ማኖር ነው።

በፎቅ ቤት ቧንቧው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በ1ኛው ፎቅ የላላው ማሰሪያ በ4ኛው ፎቅ ያለውን ሕፃን ይቀሰቅሳል፤ አንዱ በሳፋ ውስጥ የተወው ጎማም የጎረቤቱን ውኃ ያበላሻል። ስለዚህ የነዋሪዎቹ ማኅበር ሲሰበሰብ ስለ ጥበቃና ስለ መብራት እንደሚመክር ሁሉ ስለ ቧንቧውም ይምከር፤ ለጥገናውም ገንዘብ ያዋጣ። መምህራንም ተማሪዎቻቸው በየቤታቸው የሚሰሙትን ድምፅ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ለይተው እንዲነግሯቸው ቢጠይቁ፥ ትምህርቱ በልጆቹ አፍ ወደ ወላጆች ይደርሳል።

የእኛ ፎቅ ቧንቧ በአራት አዳዲስ ማሰሪያዎች ጸጥ ብሏል። እኒያ እናትም ውኃ በመጣ ቁጥር በራችንን እያንኳኩ፥ «የመጀመሪያውን አትጠጡት!» ይሉናል።