የሳይንስ ገለጻን ከየት እንማር?

የሳይንስ ተማሪ ሥራውን በሁለት መንገድ ያቀርባል፤ በጽሑፍና በቃል። ለጽሑፉ ወራትን ይሰጣል፤ ለቃሉ ግን ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው የዋዜማው ሌሊት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በቤተ ሙከራ ብዙ የተደከመበት ጥናት በፈታኞች ፊት ፍሬ ነገሩ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ለመሆኑ ይህ ክህሎት ከየት ይገኛል? በዚህ ጽሑፍ በደሴና በኮምቦልቻ የሚገኝ ተማሪ ሊደርስባቸው የሚችሉትን ምንጮች እንመለከታለን።

በቅድሚያ መመዘኛ ያስፈልገናል። በፊዚክስ እንደምናውቀው አንድ ሥርዓት ራሱን የሚያስተካክለው የውጤቱ መረጃ ወደ መነሻው ሲመለስለት ነው፤ ይህም ግብረ መልስ ይባላል። ተናጋሪም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። «አትፍራ፣ ቀና ብለህ ተናገር» የሚል ምክር ብቻውን ተናጋሪን አያፈራም። እንግዲህ ጥሩ ምንጭ የምንለው ሥራውን በተግባር የሚያሳየንን፣ ቀጥሎም ሠርተን እንድንታረም የሚያደርገንን ነው።

ለዚህ አብነት የሚሆነን ማይክል ፋራዴይ ነው። የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ የነበረው ይህ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1812 የኬሚስቱን የሃምፍሪ ዴቪን ገለጻዎች ተከታትሎ ማስታወሻውን በመጽሐፍ መልክ ጠረዘ። በ1813 በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ረዳት ሆኖ ከተቀጠረ በኋላም የሌሎችን ተናጋሪዎች አቀራረብ እየመረመረ ለወዳጁ በደብዳቤ ይተነትን ነበር። በኋላም ከንግግር መምህር ዘንድ ተምሯል። በ1860 መጨረሻ ለወጣቶች መስጠት የጀመረው የሻማ ኬሚካዊ ታሪክ የተሰኘው ተከታታይ ገለጻ በ1861 ታትሟል፤ ዛሬም በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። አንዲት ሻማ ስለ ቃጠሎ፣ ስለ ውኃና ስለ አተነፋፈስ እንዴት እንደምታስተምር ከዚያ መማር ይቻላል።

በዘመናችን ደግሞ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህር የነበሩት ፓትሪክ ዊንስተን ስለ ንግግር የሰጡት የአንድ ሰዓት ያህል ትምህርት አለ። በ2018 የተቀረጸ ሲሆን፣ በተቋሙ ድረ ገጽ በነፃ ይታያል። ገለጻ አድማጩ ምን እንደሚያገኝ በመንገር ይጀመር፤ በስክሪን ላይ የሚታየው ጽሑፍም ይቀነስ ይላሉ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ምንጮች የመመዘኛችንን የመጀመሪያ ክፍል እንጂ ሁለተኛውን አያሟሉም፤ ሻማም ሆነ ቪዲዮ አያርመንምና። ሁለተኛውን ከአገራችን እናገኘዋለን። ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ የሆነው ዋድላ የሚገኘው በወሎ ምድር ነው። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ ብቻውን ሆኖ ይቆጥራል፤ ተመልሶ ለመምህሩ ያቀርባል፤ ይታረማል። የሚጀምረውም በረጅሙ መወድስ ሳይሆን በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው።

ይህንኑ ሥርዓት ለሳይንስ ማዋል ይቻላል። አራት ተማሪዎች በሳምንት አንድ ቀን ይሰብሰቡ፤ አንዱ ለሁለት ደቂቃ አንድ ጥያቄ ያስረዳ። ለምሳሌ «ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ጆሯችን ለምን ይደፈናል?» ቢባል፣ የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በግምት 7 በመቶ እንደሚቀንስ በጠመኔ ሠርቶ ያሳይ። ከአድማጮቹ አንዱ ሰዓት ይያዝ፤ ሁለተኛው ያልገባውን ቦታ ይመዝግብ፤ ሦስተኛው ይጠይቅ። ተናጋሪውም ያንኑ ገለጻ አርሞ ወዲያውኑ ይድገመው። በሳምንታት ውስጥ ሁለቱ ደቂቃ ወደ አምስት፣ ከዚያም ወደ አሥር ያድጋል።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ዘረፋና ውድመት እንደደረሰበት ይታወሳል። ኮምፒዩተርና ፕሮጀክተር ሊዘረፉ ይችላሉ። ሰሌዳ፣ ጠመኔና የሚያርም ባልንጀራ ባሉበት ሁሉ ግን ይህ ትምህርት አይቋረጥም፤ በመጪው ሳምንትም ሊጀመር ይችላል።